አራት ቀን ለባሌ ተራሮች ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን የምንኖረው በሚኒሶታ ነው። ልጆቹ የ13 እና የ16 ዓመት ናቸው። ለገና ወደ አገር ቤት እንመጣለን። ልጆቹ እንደ ኬንያ ያለ ሳፋሪ ሲመኙ እኔ ደግሞ «አገራችሁ እያለላችሁ» ብዬ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልወስዳቸው ቃል ገባሁ። የ71 ዓመት እናቴም አብሬ ካልሄድኩ ብለዋል፤ የደም ግፊት አለባቸው። ያለን አራት ቀን ነው። ዲንሾን፣ ሳነቴን፣ ሐረናንና ሶፍ ዑመርን በዚህ ጊዜ ማዳረስ ይቻላል? አንበሳስ እናያለን? በመኪና ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን?

ምላሽ፦

ለልጆቹ ቃል ሲገቡ አንበሳ ብለው ከሆነ፣ አውሮፕላን ላይ ከመውጣትዎ በፊት ቃልዎን ቢያስተካክሉ ይሻላል። አንበሳ በሐረና ደን ውስጥ አለ። ሌሊት ሲያገሳ ሰምቻለሁ፤ ጠዋት በመንገዱ አቧራ ላይ ዱካውን አይቻለሁ። በሃያ ዓመት ምልልስ ግን በዓይኔ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከሁለቱም በአንደኛው ያየሁት ጭራውን ብቻ ነበር። ዝሆን ፈልጎ ወደ ባሌ ተራሮች መሄድ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ዝሆንና ጎሽ ካሰኛችሁ በዳውሮና በኮንታ ምድር ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ አለላችሁ፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ነው። ልጆቹ የሚፈልጉት ሜዳ ላይ መኪና አቁሞ መንጋ መቁጠር ከሆነ ኬንያ ውሰዷቸው፤ እኔ ቅር አልሰኝም። ባሌን እንደ ማሳይ ማራ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ተከፍቶ ይመለሳል፤ ጥፋቱም የባሌ አይደለም።

ባሌ ያለው ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው። በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ነው። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ በየትም አገር የለም። የውጭ ሊቃውንት ስም አውጥተው የመዘገቡት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ የባሌና የአርሲ ገበሬ ግን ያን ጊዜም ቢሆን ከገብሱ ማሳ ሲያባርረው ኖሯል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገቡ እንግዳ እንጂ አልጋ አልጨመረም፤ ስለዚህ ለገና ሰሞን ማረፊያዎን አሁኑኑ ይያዙ።

ወደ አራቱ ቀን እንምጣ። የጠቀሷቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ሲያዩዋቸው ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ሪራ መንደር ለመድረስ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የባሌ ጉዞ የሚለካው ወደ ጎን አይደለም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ፓርኩ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ዝቅተኛው ጥግ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከፍተኛው፣ ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር ነው፤ በአገራችን ካሉት ከፍተኛ ተራሮች አንዱ ነው። በአንድ ጠዋት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ከቡና አገር ወደ ውርጭ አገር መውጣት ይችላሉ። የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ አውሬውን በስንት ሰዓት እንደሚያገኙት፣ እናትዎ የትኛው ቦታ ላይ ምን ያህል መቆየት እንዳለባቸው፣ ሁሉንም የሚወስነው ይህ ከፍታ ነው። እኔ ለእንግዳ ዕቅድ ስሠራ መጀመሪያ የምጽፈው የእያንዳንዱን ሌሊት ከፍታ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተ የምትኖሩበት ሚኒሶታ ከባሕር ወለል ብዙም ያልራቀ ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ገናን ከዘመድ ጋር አዲስ አበባ ማሳለፋችሁ ለጉዞው የመጀመሪያው ዝግጅት ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ። ከአውሮፕላን ወርዶ በማግሥቱ ወደ ባሌ የሚገሰግስ ቤተሰብ አጋጥሞኝ ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ነድተው፣ ጎባ ምሳ በልተው፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ቱሉ ዲምቱ እንውጣ» አሉ። እኔም በዚያን ዘመን ልጅ ነበርኩና እሺ አልኩ። ጫፉ ላይ ስንደርስ አንድ ስፖርት የሚሠራ ጎልማሳ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፣ ከዚያ አስመለሰው። ወዲያው ወደ ጎባ አወረድነው። ታች ሲደርስ ግማሽ ሕመሙ ለቀቀው፤ ነገር ግን የማግሥቱ ቀን በሆቴል አልጋ ላይ አለፈ። በ4,000 ሜትር ላይ የምንስበው አየር የያዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ጉልበተኛውንና ወጣቱን አይለይም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ የሚራመዱት ወጣቶቹ ስለሆኑ ቀድመው የሚያማቸው እነሱ ናቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ካለ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ትንሽ ልታገስ» አያዋጣም።

ስለ እናትዎ በግልጽ ልናገር። ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸው 4,000 ሜትር ላይ ለሁለት ሦስት ሰዓት መቆየት ይችሉ እንደሆነ ይጠየቅ፤ «ወደ ተራራ እንሄዳለን» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ቁጥሩን ንገሩት። የግፊት መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣ ይጠፋል። ሐኪሙ ከፈቀደ እናትዎ የማያዩት ብዙ ነገር አይኖርም፤ የሚለየው የሚያድሩበት ቦታ ነው። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎባ 2,700 አካባቢ፣ ሮቤ ደግሞ 2,500 አካባቢ። ለልጆቹ ዲንሾ ፓርኩ ግቢ ውስጥ ማደር ደስታ ነው፤ ለእናትዎ ግን እላችኋለሁ፣ ሮቤ ወይም ጎባ። ቤተሰቡን ከሁለት መክፈል ካልወደዳችሁ ሁላችሁም ጎባ እደሩና ዲንሾን በቀን ተመላለሱበት፤ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይፈጅም።

የምመክረው አካሄድ በመኪና ሄዶ በአውሮፕላን መመለስ ነው። ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ የበረራው ቀን ግን በየወቅቱ ስለሚቀያየር ዕቅዱን የምትገነቡት ከመመለሻው ትኬት ተነስታችሁ ይሁን። መሄጃውን በመኪና ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ እስከ አዳማ፣ ከዚያ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ ወደ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአዳማ ቆላ ተነስቶ በአሰላ በኩል ቀስ እያለ ደጋ ይወጣል። በቆጂ ላይ 2,800 ሜትር ደርሳችኋል፤ የደራርቱና የቀነኒሳ አገር ነውና ልጆቹ ወርደው አንድ ዙር ሮጥ ሮጥ ይበሉበት፣ የአየሩን መሳሳት እዚያው ይረዱታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገዱ ዲንሾ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የጋይሳይን ሜዳ ጥግ ጥጉን ይዞ ያልፋል። በአውሮፕላን የመጣ ሰው ይህን ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የሚፈልገው። አንድ ወጪ ግን አትርሱ፦ ሾፌሩ ባዶ መኪና ይዞ ስለሚመለስ የመመለሻውን ነዳጅና ቀን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ሲስማሙ በግልጽ ያልተነገረ ነገር የመጨረሻውን ቀን ያበላሸዋል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከአዲስ አበባ ከወጣችሁ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጋይሳይ ትደርሳላችሁ፤ መድረስ ያለባችሁም በዚያን ሰዓት ነው። አጋዘኑ ቀን በጥሻው ውስጥ ተኝቶ ይውልና ፀሐይ ስታዘነብል ወደ ሜዳው ይወጣል። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ። መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የጭቁኝ ሽታ ነው፤ ሜዳው በሙሉ ጭቁኝ ነው። ከዚያ ዓይን ሲለምድ ግንድ የመሰለው ነገር ጆሮውን ያራግፋል። ወንዱ ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው፣ ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ የጎልማሳ በሬ ግርማ ያለው እንስሳ ነው። ከአጠገቡ ከርከሮና ቦሆር የሚባል ትንሽ አጋዘን መሰል እንስሳ አይጠፉም። ወደ ሜዳው በእግር ለመግባት ከፈለጋችሁ ከዲንሾ አስጎብኚ ይዛችሁ ነው። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፣ ማኅበር አላቸው፤ ክፍያቸውም ከመግቢያው ላይ ለብቻው ይከፈላል። የመግቢያው ክፍያ በዜግነት ስለሚለያይ ፓስፖርታችሁን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁም እሱን ይዛችሁ ቅረቡ። ደረሰኙን አትጣሉት፤ በሳነቴ በኩልም ትጠየቃላችሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ዲንሾ ላይ ቆዩ። «ጊዜ የለንም፣ በቀጥታ ሳነቴ» የምትለውን ሐሳብ አውቃታለሁ፤ አትስሟት። ሁለተኛው ቀን ሰውነታችሁ ከፍታውን የሚለምድበት ነው፣ ደግሞም ባዶ ቀን አይደለም። በዋናው ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ አጋዘኖቹ ሰው ለምደዋልና በሃያ ሠላሳ እርምጃ ርቀት ቆመው ያዩዋችኋል። የምኒልክ ድኩላም እዚያው አለ። አስጎብኚውን ጉጉት የምትተኛበትን ዛፍ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ እነሱ ያውቁታል፣ እኔ ለብቻዬ ፈልጌ አግኝቼው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ፈረስ ይቀመጡ። እናትዎ ደግሞ ከግቢው በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ሻይ ይጠጡ።

አሁን ሳነቴ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የመጡበትን ነገር በችኮላ የሚያጡት እዚህ ነው።

ከጎባ ወደ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ ጥድና ኮሶው፣ ቀጥሎ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ምንም። ሰማይና ድንጋይ፣ ብር የመሰለ ዝቅተኛ ቁጥቋጦ፣ እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሞ የቀረ ጅብራ። መንገዱ በ4,000 ሜትር ላይ ይሄዳል፤ በአፍሪካ ክረምት ከበጋ መኪና ከሚያልፍባቸው መንገዶች ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ ያለው የለም። የሳፋሪ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁሉ ጎህ ሲቀድ ካልወጣን ይላል። ለአጋዘኑ ልክ ነው፤ ለቀይ ቀበሮው ግን በጥር ወር ይህ ችኮላ ብዙም አይጠቅምም። በጋ ላይ የሳነቴ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ከዜሮ በታች ወደ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ አለ። መሬቱ ጠዋት በረዶ ይዞ ያድራል። ቀበሮው የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው፣ አይጡና ፍልፈሉ ደግሞ መሬቱ ሳይሞቅ ከጉድጓዱ አይወጣም። ስለዚህ እንደ ሌሎች ቀበሮች በሌሊት የማያድነው ለዚህ ነው፤ ምግቡ የቀን ምግብ ነው። እኔ እንግዶቼን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አምባው ላይ እንዲሆኑ አደርጋለሁ፤ ካልተሳካ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እንደገና። በዚህ ሰዓት ቁርስ ተበልቷል፣ መኪናው ሞቋል፣ እናትዎም አይንቀጠቀጡም።

አዳኙን ከማየታችሁ በፊት ታዳኙን ፈልጉ። ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ከእነዚህ ተራሮች ውጭ የትም የለም፤ ትልቁ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የተተከሉ ያህል ወደ ላይ ወጥተዋል። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር በጥድፊያ ይነጫልና ተመልሶ ይገባል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች፤ እሱ በቆፈረው አፈር ውስጥ ትል ትለቅማለች፣ እሱ ደግሞ ወፏ ስትበር ወደ ጉድጓዱ ይሰምጣል። ወፏን ካያችሁ ፍልፈሉ አለ፤ ፍልፈሉ ካለ ቀበሮው ሩቅ አይደለም። ቀበሮው አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በሆዱ ሊሳብ ምንም ሳይቀረው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይቆማል። ልጆቹ ይህን ሃያ ደቂቃ ከታገሱ ኬንያን ይረሳሉ፤ ካልታገሱ ሥዕል አንስታችሁ ሂዱ።

ለ16 ዓመቱ አንድ ታሪክ ይዘህ ሂድ በሉት። በዌብ ሸለቆ በኩል ፍንጫ ሐበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ30,000 ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ተራራው በበረዶ ግግር በተሸፈነበት ዘመን፣ ሰዎች እዚህ ከፍታ ላይ ይኖሩ ነበር። በእሳታቸው ዙሪያ የተገኘው አጥንት በብዛት የዚሁ የግዙፉ ፍልፈል ነው። የቀበሮው ምሳ የሰውም ምሳ ነበር ማለት ነው። ዌብ ሸለቆ ራሱ ለቀበሮ ከሳነቴ አያንስም፤ መንገዱ ግን ከባድ ስለሆነ ከእናትዎ ጋር አልመክርም። ሌላ ጊዜ ልጆቹን ብቻ ይዘው በፈረስ ሦስት አራት ቀን ይመለሱበት።

የአካባቢው ሰዎች ቀይ ቀበሮን በኦሮምኛ ጄደላ ፈርዳ ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ። ጥቅምትና ጥር መካከል ቀበሮዎቹ ራሳቸው የሚወልዱበት ጊዜ ነው። እናንተ ስትደርሱ ግልገሎች ከጉድጓድ ወጥተው ሲላፉ ማየት ይቻላል፤ ጉድጓዱን ግን አትጠጉ። ከተረበሸች እናትየው ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች፣ በዚያ ውርጭ ውስጥ። ምግብም አትጣሉላቸው፤ ከመኪና ብስኩት የለመደ ቀበሮ መንገድ ላይ ይቆማል፣ መንገድ ላይ የሚቆም ቀበሮ በመኪና ይሞታል። ለሾፌሩ ሳነቴ ላይ ሲደርስ ቀስ በል በሉት፤ መንገዱ ባዶ ስለሚመስል ሁሉም ይበርበታል።

የዘመድ ውሻ እንውሰድ የሚል ካለ ደግሞ በፍጹም። ቀበሮውን የሚጨርሰው አንበሳም አዳኝም አይደለም፤ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የመንደር ውሾችን ይከትባል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ክትባቱ በምግብ ውስጥ ተደርጎ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ይሰጣል።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መኪና ይወጣል። ስሙ በኦሮምኛ ቀዩ ተራራ ማለት ነው። እናትዎ ከመኪና ሳይወርዱ የቱሉ ዲምቱን ጫፍ ረገጥኩ ሊሉ ይችላሉ፤ እኔም አልመሰክርባቸውም። ከሩብ ሰዓት በላይ ግን አትቆዩ።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ያለው ሐረና ነው። መንገዱ ከአምባው ጠርዝ እየተጠማዘዘ በአስታው ውስጥ ይወርዳል፤ ጉም የሚጠብቃችሁ እዚህ ነው። ጸጉር የመሰለ የዛፍ ሽበት ያንጠለጠሉ የኮሶ ዛፎች፣ ቀጥሎ የሪራ ቀርከሃ። በቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ፤ ምግቡ በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ነው፣ ከኢትዮጵያ ደጋዎች ውጭም አይገኝም። ዝቅ ሲሉ ማንም ያልተከለው ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ቀፎዎች ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅለዋል። ሪራ ላይ ማር ግዙ፣ ቡና ጠጡ። 1,000 ሜትር ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ስድስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ስለሚጨምር ጠዋት የለበሳችሁትን ሁሉ እያወለቃችሁ ነው የምትወርዱት።

ሐረና ዝቅ ያለ ስለሆነ ለእናትዎ ምቹ ማደሪያ ይመስላል። አንድ ነገር ግን አስቡ፦ መመለሻው በዚያው በ4,000 ሜትሩ በኩል ነው። ወደ ደቡብ በደሎ መና የሚወጣው መንገድ ረጅም ዙር ስለሆነ ለእናንተ አይሆንም። ስለዚህ እናትዎ አምባውን ሲያቋርጡ ምቾት ከነሳቸው፣ ያን ቀን ወደ ሪራ አትቀጥሉ፤ ወደ ጎባ ተመለሱ። ደህና ከሆኑ ሪራ ድረስ ወርዳችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ጫካው ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ተዟዙራችሁ፣ በ9 ሰዓት አምባው ላይ ተመልሳችሁ ሁለተኛ የቀበሮ ዕድል ሞክራችሁ ጎባ ማደር ይቻላል። ይህ ሦስተኛው ቀናችሁ ነው። አራተኛው ቀን ወደ ሮቤና ወደ አውሮፕላኑ።

ሶፍ ዑመርን እንዳላነሳሁት አስተውለዋል። ዋሻው ድንቅ ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ፣ የዌብ ወንዝ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣበት፣ ለሙስሊሙ የተከበረ ቦታ ነው። ከሮቤ በስተምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነና በቆላ ውስጥ ስለሚገኝ ሙሉ አምስተኛ ቀን ይጠይቃል። አራት ቀን ብቻ ካላችሁ ተዉት። አምስተኛ ከተገኘ ግን ከሳነቴ ይልቅ ለእናትዎ ልብ የሚቀርበው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት አለው፣ ትንፋሽ አያጥርም፣ ያ ውኃም ከዲንሾ በላይ ካለው ከዌብ ሸለቆ የወረደው ራሱ ነው።

መኪናው ባለ አራት ጎማ ኃይል፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ ያለው ይሁን። ነዳጅ ጎባ ላይ ሙሉ፤ አምባው ላይ ማደያ የለም። ስልክ በየቦታው ስለሚቆራረጥ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለሆቴሉ ተናግራችሁ ውጡ። ከአዲስ አበባ ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ ሁለት ሰው ጠይቁ፦ ፓርኩን ዲንሾ ላይ፣ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሾፌርንም። ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ ጉዞውን ቀይሩ፣ ወይም በአውሮፕላን ሂዱ። በሌሊት አትንዱ፤ ከሰውም ከከብትም ጋር ነው መንገዱን የምትጋሩት።

ልጆቹ ድንኳን ካሉ ዲንሾ ላይ ይትከሉ፤ ሳነቴ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን የሚተክል ሰው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ሰዓት እየቆጠረ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚችል የመኝታ ከረጢት ከሚኒሶታ ይዛችሁ ኑ፣ እዚያ ይህን መግዛት የሚያስቸግራችሁ አይመስለኝም። የጥር ወር ደረቅ ስለሆነ አስታው እንደ ክብሪት ነው፤ እሳት አታንድዱ፣ በጋዝ ምድጃ አብስሉ። ፀሐዩ ቀዝቃዛ መስሎ ቆዳ ይልጣል፤ ባርኔጣና የከንፈር ቅባት አይረሳ። ለእናትዎ ጋቢ በቂ ነው እንዳትሉ፣ ጓንትና ወፍራም ካልሲ ጨምሩላቸው።

የሩቅ ማያ መነጽር ደግሞ ሁለት ያዙ። አንድ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ይጣሉበታል፣ ለእናትዎም ተራ አይደርሳቸውም።